ቃርን የማስታገስ ሙከራ፦ የ12 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 0

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። አፌ ኮምጣጣ ሆኗል። ከደረቴ መሃል እስከ ጉሮሮዬ ያቃጥለኛል። ቁጭ አልኩ፣ ውኃ ተጎነጨሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ አነጋሁ። በዚህ ሳምንት ብቻ 4ኛ ሌሊቴ ነው። ጠዋት አንድ ያልተጻፈበት ደብተር ፈልጌ አወጣሁ። የምበላውን፣ የምጠጣውን፣ የምተኛበትን ሰዓትና የሚሰማኝን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ላለፉት 3 ወራት በየቀኑ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት 20 ሚሊግራም ስወስድ ነበር። ማንም አላዘዘልኝም፣ በራሴ ነው የጀመርኩት። የምውጠው ደግሞ ከእራት በኋላ ነበር። ይሄ ስህተት ነው። መድኃኒቱ አሲድ የሚያመነጩትን ሴሎች ፓምፕ ነው የሚዘጋው፤ ፓምፑ የሚነሳው ደግሞ ምግብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ሦስት ወር ሙሉ በተሳሳተ ሰዓት ስውጥ ኖሬያለሁ።

አሁን ቃሩን በቅጠላ ቅጠል ለማስታገስ አስቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የጠየቀችኝን እንዳለ ልጻፈው። «ሲውጡ ምግብ ይይዝዎታል? ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል? ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል? ደም አስመልሶዎት ያውቃል? ሕመሙ ወደ ክንድዎ ወይ ወደ መንጋጋዎ ይሄዳል?» ሁሉንም «የለም» አልኩ። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ዝንጅብል ሲያፈላ ጊዜ ማጥፋት የለበትም። ቀጥታ ወደ ሕክምና ነው።

ጨጓራን የሚያሳምመውን ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ምርመራ አዘዘችልኝ፣ በሰገራ የሚሠራውን። ግን ኦሜፕራዞል እየወሰድኩ ከተመረመርኩ ባክቴሪያው ተደብቆ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። «ለ2 ሳምንት ያቁሙና ይምጡ» አለችኝ። በመሃል ሲብስብኝ የሚታኘክ አንታሲድ (አሲዱን ለጊዜው የሚያበርድ ክኒን) እንድወስድ ፈቀደችልኝ።

ሳምንት 1 እና 2

በጣም መጥፎ 2 ሳምንት። ኦሜፕራዞሉን ባቆምኩ በ3ኛው ቀን ቃሩ ከበፊቱ ብሶ መጣ። ቀን ምሳ ላይ፣ ማታ፣ ሌሊት። ደብተሬ ላይ ቃጠሎውን ከ0 እስከ 10 ነው የምመዝነው። ከ8 የወረደበት ቀን 2 ብቻ ነው።

ደንግጬ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። በአንድ ቀን ጠዋት የሎሚ ውኃ፣ ከምሳ በኋላ የናና ሻይ፣ ከሰዓት ዝንጅብል፣ ማታ ወተት፣ ሌሊት ቤኪንግ ሶዳ። በማግስቱ ትንሽ ሲሻለኝ የቱ እንደረዳኝ አላወቅኩም። ሲብስብኝም የቱ እንደጎዳኝ አላወቅኩም። የ2 ሳምንት ማስታወሻ ለምንም ሳይረባኝ ቀረ።

ቤኪንግ ሶዳውን ለብቻው ልጻፈው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ በጣም አታሎኛል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቃሩ ጠፋ፣ ትልቅ ግሳት መጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተመልሶ መጣ። ሶዳው ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ያ ጋዝ ሆድን ይነፋና ከላይ ያለውን መዝጊያ ይገፋዋል። ሶዲየሙም ቀላል አይደለም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከ600 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ ደም ግፊት ወይም የልብና የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ይሄ አደጋ ነው። ሆድ ጢም ብሎ ሞልቶ ሶዳ ጠጥተው ጨጓራቸው የተቀደደ ሰዎችም በሕክምና መዛግብት አሉ። ከዚህ በኋላ አልነካውም።

ሳምንት 3

ውጤት መጣ። ኤች ፓይሎሪ የለም። ቢኖር ኖሮ የሚቀጥለው ሥራ አንቲባዮቲክ ነበር፣ ቅጠል አያጠፋውም። (ይሄን ባክቴሪያ ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳምሞ ነው ለማስረዳት የሞከረው። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸልመውበታል። ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።)

ሐኪሟ ስለ መጥፎዎቹ 2 ሳምንታትም ነገረችኝ። መድኃኒቱ ለወራት አሲዱን ሲያፍነው ሰውነት ለማካካስ አሲድ እንዲመነጭ የሚያዝዘውን ሆርሞን ያበዛል። በድንገት ሲቆም አሲዱ ከበፊቱ በርትቶ ይመጣል። ቤት ገብቼ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ምንም ቃር የሌለባቸውን ጤነኛ ሰዎች ወስደው ለግማሾቹ ለ8 ሳምንት የዚህን ዓይነት መድኃኒት ሰጧቸው። ካቆሙ በኋላ 44 ከመቶው ምልክት ታየባቸው፤ መድኃኒት ሳይሆን አምሳያውን ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 15 ከመቶው። ጤነኛውን ሰው እንኳን ቃር አስያዘው ማለት ነው። እኔ በሽታዬ የባሰ መስሎኝ ነበር። ለምርመራው ባይሆን ኖሮ ቀስ እያሉ መጠኑን በመቀነስ ማቆም ይቻል ነበር።

ሌላው ያስረዳችኝ ነገር የዚህን ሥራ አካሄድ ቀየረው። «አሲድ በዛብኝ» እያልኩ ነበር የምመላለሰው። እሷ እንዳለችው ግን ቃር ያለበት አብዛኛው ሰው የአሲዱ መጠን ልክ ነው። ጨጓራ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 1 ወይም 2 መሆኑ ተፈጥሮው ነው፤ ግድግዳውን ወፍራም ንፍጥ ይሸፍነዋል። የምግብ ቧንቧው ግን ያ መከላከያ የለውም። በሁለቱ መሃል ያለው የቀለበት ጡንቻ ሲላላ ወይም ከታች ግፊት ሲበዛበት አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ እኔ መጠየቅ ያለብኝ አሲዱን ምን ያጠፋዋል ሳይሆን ባለበት እንዲቆይ ምን ያደርገዋል ነው።

አዲስ ደንብ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ። ቢያንስ 5 ቀን። ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ።

በዚህ ሳምንት ምንም አልቀየርኩም። አማካይ ቃጠሎ 6፣ የነቃሁባቸው ሌሊቶች 4። የመድኃኒቱ ማቆም ጣጣ ገና ስላልለቀቀኝ በዚህ ቁጥር ብዙ አልተማመንም።

ሳምንት 4፦ የእራት ሰዓት

እራቴን ማታ 3 ሰዓት ላይ በልቼ 4 ሰዓት ላይ እተኛ ነበር። ወደ 1 ሰዓት አመጣሁት። ከእራት እስከ መኝታ 3 ሰዓት ማለት ነው። የምግቡን ዓይነት አልነካሁም።

መጀመሪያ 2 ቀን ራበኝ። በ2ኛው ቀን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ብስኩት በላሁና ሌሊቱን ነቃሁ። ከዚያ ምሳዬን ትንሽ ጨመርኩ፣ ረሃቡ ቀነሰ። የነቃሁባቸው ሌሊቶች 2። አማካይ 4።

አንድ ነገር ታዘብኩ። ከእራት በኋላ ጎንበስ ብዬ ወለል ሳጸዳ ወዲያው ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ቀበቶዬ ሲጠብቅም እንደዚያው። ወለሉን ወደ ጠዋት አዛወርኩት፣ ቀበቶዬን 2 ቀዳዳ አላላሁት። ይሄ ደንቤን ይጥሳል፣ አውቃለሁ። ግን እያየሁ ሕመሙን ማቆየት አልቻልኩም።

ሳምንት 5፦ አልጋው

ብዙ ሥራ የወሰደብኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ትራስ ደራርቤ ሞከርኩ። 3 ትራስ። ጠዋት አንገቴ ተቆልምሞ፣ ቃሩም ሳይቀንስ ተነሳሁ። ምክንያቱ ሲገባኝ ግልጽ ነው። ትራስ የሚያነሳው ጭንቅላትን ነው፤ ሰውነት ወገብ ላይ ይታጠፍና ሆድ ይጨመቃል። መነሳት ያለበት የአልጋው ራስጌ ራሱ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር።

ቀን 1፦ ከራስጌው እግሮች ሥር ወፍራም መጻሕፍት አስገባሁ። ሌሊት ስገላበጥ አንዱ እግር ተንሸራቶ ወረደ። ባለቤቴ በድንጋጤ ብድግ አለች። «በል አሁኑኑ አውርደው፣ ነገ እንደ ሰው ትሠራዋለህ» አለችኝ። ልክ ናት።

ቀን 2፦ 10 በ10 የሆነ ሞራሌ በመጋዝ ቆረጥኩ። 2 ጉማጅ፣ እያንዳንዱ 20 ሳንቲሜትር ቁመት። የአልጋው እግር የሚገባበት ጎድጓዳ በመሮ ቆፈርኩ፣ 2 ሳንቲሜትር ጥልቀት። የሚተርፈው 18 ነው። ከሥር ወለሉ ላይ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩበት።

ቀን 3፦ አልጋው መሃል ይንቋቋል። ለካ ከሥር መሃሉን የሚደግፍ 5ኛ እግር አለው። ራስጌው ሲነሳ እሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ለካሁት፣ 9 ሳንቲሜትር። ለእሱም ሌላ ጉማጅ ቆረጥኩ። ድምፁ ጠፋ።

ቀን 4፦ ሁለታችንም ወደ ግርጌ እየተንሸራተትን ነው። የሚያንሸራትተውን አንሶላ በጥጥ ቀየርነው። ሻል አለ።

የሳምንቱ ውጤት፦ የነቃሁባቸው ሌሊቶች 1፣ እሱም ቀን 1 ነው። የወጣው ወጪ የእንጨት ቁራጭና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ለመድኃኒት ካወጣሁት ጋር አይወዳደርም።

ሳምንት 6፦ በየት ጎን

በግራ ጎን መተኛት። ጨጓራ ወደ ግራ የታጠፈ ከረጢት ነው። በግራ ስንተኛ የቧንቧው መግቢያ ከአሲዱ በላይ ይሆናል፤ በቀኝ ሲሆን ይሰምጣል። ልማዴ በቀኝ ነበር። ሌሊት እንዳልገለበጥ ከጀርባዬ ትራስ አደረግኩ። 7 ሌሊት ተኛሁ፣ አንዴም አልነቃሁም። ከ6 ወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ጋ ስጽፈው እንኳን ደስ ይለኛል።

ሳምንት 7 እስከ 9፦ ዕፅዋቱ

ሌሊቱ ስለተስተካከለ አሁን የቀኑን ቃር ነው የማየው፣ በተለይ ከምሳ በኋላ ያለውን። እያንዳንዱን ለየብቻ።

ናና። ከምሳ በኋላ አንድ ኩባያ። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቃጠሎ 7። በማግስቱ ደገምኩት፣ ያው። ናና ለስላሳ ጡንቻን ያዝናናል፤ ለአንጀት ቁርጠት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ግን የቀለበቱን ጡንቻም አብሮ ያላላዋል። ሳምንት 1 ላይ «ለጨጓራ ጥሩ ነው» ብዬ በየቀኑ ስጠጣው ነበር። 5 ቀን አላስሞላሁትም፣ በ2 ቀን አቆምኩ።

ዝንጅብል። በመጀመሪያ አንድ ጣት የሚያህል ከትፌ 20 ደቂቃ አፈላሁ። እሱ ራሱ ደረቴን አቃጠለው። በሚዛን ስመዝነው 22 ግራም ነው። ወደ 3 ስስ ቁራጭ፣ 5 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማውጣት ዝቅ አደረግኩት። በዚህ መጠን የሆዴን መነፋትና መክበድ አቀለለልኝ፣ ምግቡም ቶሎ የወረደ መሰለኝ። ቃሩን ግን አልነካውም። ለማቅለሽለሽና ለመነፋት አቆየዋለሁ፣ ለቃር አይደለም።

ካሞሚል። አበባው እንደ ሻይ የሚጠጣ ተክል ነው። ከመኝታ በፊት ትልቅ ኩባያ ጠጣሁ፣ 300 ሚሊሊትር። ቃር መጣ። ዕፅዋቱን ተጠራጠርኩ። በማግስቱ ያንኑ መጠን ሙቅ ውኃ ብቻ ጠጣሁ፣ ያው ቃር። ጥፋቱ የካሞሚሉ አልነበረም፤ ከመኝታ በፊት ሆድን በፈሳሽ መሙላቱ ነው። ግማሽ ኩባያ አድርጌ ከመኝታ 2 ሰዓት ቀደም ብዬ ስጠጣው ምንም አላደረገኝም፣ እንቅልፍም በጊዜ ወሰደኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

ሊኮሪስ። ጣፋጭ ሥር ነው፣ ተፈልቶ ይጠጣል። በ4ኛው ቀን ጉሮሮዬ ለስልሶ ነበር። ቤት ያለውን የደም ግፊት መለኪያ አምጥቼ ለካሁ። የላይኛው ቁጥር 122 የነበረው 136 ሆኗል። በሥሩ ውስጥ ያለው ግሊሲሪዚን ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል። የ4 ቀን ልኬት ብዙ አያስረዳም፣ ግን ለማረጋገጥ ብዬ አልቀጥልም። አቆምኩ። ግሊሲሪዚኑ የወጣለት የሚታኘክ ዓይነትም አለ፣ እሱን አልሞከርኩም።

እሬት። ሳልሞክረው ተውኩት። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ በኃይል ያስቀምጣል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ቤት ውስጥ ከመሃሉ ዝልግልግ በደንብ ለይቼ ማውጣቴን ማረጋገጥ አልችልም።

ተልባ። ከሁሉም የቀረኝ ይሄ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ፍሬ በ200 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውኃ ማታ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ሲታይ ውኃው እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል። የመጀመሪያው ቀን በተራ ወንፊት ሳጠልለው ጭራሽ አልወርድ አለኝ፣ ማንኪያ ይዤ 10 ደቂቃ ታገልኩ። ከዚያ ሰፋ ባለ ማጥለያ፣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጨምሬ ማጥለል ለመድኩ። ከምሳ 20 ደቂቃ በፊት ግማሽ ብርጭቆ። ስውጠው የቧንቧው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ይሰማኛል። የምሳ ቃር ከ4 ወደ 2 ወረደ። አሲዱን አያጠፋም። የተቆጣውን ቦታ ይሸፍናል፣ በቃ። የሚዋጥ መድኃኒት ካለ ቢያንስ 2 ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል፣ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ሊይዘው ይችላል።

ሎሚና ኮምጣጤ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። የቆሰለ ቦታ ላይ አሲድ መጨመር ነው፣ ጥርስንም ይበላል። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል፣ ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራን እንደገና አሲድ ያስመነጩታል። ማታ ስጠጣው ሌሊት የሚያቃጥለኝ ለካ ለዚህ ነው።

ሳምንት 10፦ ቡና

ይሄን እስከ መጨረሻ ያዘገየሁት ስለምወደው ነው። 5 ቀን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። ራስ ምታት 2 ቀን። ቃር አማካይ 1። ከዚያ በባዶ ሆድ አንድ ስኒ ጠጣሁ፣ 5። በማግስቱ ያንኑ ስኒ ከቁርስ በኋላ፣ 1። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ 4። ስለዚህ በቀን አንድ፣ ከቁርስ በኋላ። ሌላ ሰው ላይ ጭራሽ ላይነካው ይችላል። እኔን ቲማቲምና በዘይት የተጠበሰ ነገር ይነካኛል፣ ቸኮሌት ምንም አያደርገኝም። የሰውን ዝርዝር ይዞ ሁሉን ከመተው በራስ ደብተር ማጣራት ይሻላል።

በዚሁ ሳምንት ከምሳ በኋላ ስኳር የሌለው ማስቲካ ለ30 ደቂቃ ማኘክ ጀመርኩ። ምራቅ ይበዛል፣ ምራቅ ውስጥ ባይካርቦኔት አለ፣ በተደጋጋሚ ሲዋጥ ቧንቧውን ያጥበዋል። የናና ጣዕም የሌለውን ነው የምገዛው።

ሳምንት 11፦ ወደ ኋላ

ወገቤን አመመኝና 3 ቀን አይቡፕሮፌን ወሰድኩ፣ 2 ጊዜ በባዶ ሆድ። በ3ኛው ቀን ከደረት አጥንቴ ሥር እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም። ቃር አልነበረም፣ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራ ንፍጡን የሚሠራበትን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፤ ግድግዳው መከላከያውን ያጣል። አስፕሪንም እንደዚያው። ለ11 ሳምንት ስንት ነገር ስጠነቀቅ ቆይቼ ይሄን አለማሰቤ በጣም አናደደኝ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «ያቁሙ፣ ለወገብዎ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ሳይውሉ ይምጡ» አለችኝ። 4 ቀን ፈጀ፣ ለቀቀኝ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ሳምንት 12

የነቃሁባቸው ሌሊቶች 0። የቀን አማካይ 1። አንታሲድ በሳምንቱ ውስጥ 1 ጊዜ። ክብደቴ 3 ኪሎ ቀንሷል፣ አስቤበት አይደለም፣ የማታው መክሰስ ስለቀረ ይመስለኛል። ሆድ ላይ ያለ ግፊት ሲቀንስ እሱም የራሱ ድርሻ አለው።

ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ አየሁት። ቁጥሩን በትልቁ ያወረዱት 3 ናቸው፦ የእራት ሰዓት፣ የአልጋው ራስጌ፣ የግራ ጎን። ከዕፅዋት የተረፈኝ ተልባና ትንሽ ዝንጅብል ነው። በመጀመሪያ ግን ሙሉ ተስፋዬን የጣልኩት ቅጠሉ ላይ ነበር።

ከ1 ወር በኋላ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። ከግራው ጉማጅ ሥር የለጠፍኩት ጎማ መላቀቅ ጀምሯል። እሁድ ነቅዬ በትንንሽ ምስማር እመታዋለሁ፣ ማስቲሹ ብቻውን አልያዘም።